ሪስፓና በቁማቸው የተለቀሰላቸው ሽማግሌ

በሆስፒታላችን ዋና በር በግራ በኩል ብርቱካን ሻጮች፣ በቀኝ በኩል የሬሳ ሣጥን ሻጮች ተደርድረዋል። በሽተኛ ጠያቂ ከግራዎቹ ብርቱካን ገዝቶ ሲገባ የቀኞቹ ቁመቱን በዓይናቸው ይለኩታል። እኔ ሲስተር ጃኤል ነኝ፤ የወንዶች ዋርድ ኃላፊ። ጸጉሬ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ በር ስገባ ስወጣ ኖሬያለሁ። መግል ለምጃለሁ፤ የሞት ሽታም ለምጃለሁ። እነዚህን ሰዎች ግን መልመድ አቃተኝ። በተለይ ጃክቶን የሚሉት አለ፤ ጥርሱን እየጎረጎረ «ሲስተርዬ፣ ቤቱ እንዴት አደረ? አልጋ የለቀቀ አለ?» ሲለኝ ወደ ብርቱካን ሻጮቹ ዞሬ እገባለሁ።

ይሁንና ጃክቶን ነጋዴ ነው፤ ነጋዴነቱንም አይደብቅም። ከሱ የባሰ የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ሰው አለ፤ እሱም ጋ እንደርሳለን። የማወራችሁ ስለ ሪስፓ አኩሙ ነው፤ የካርድ ክፍላችን ኃላፊ ስለነበረችው።

ሪስፓ አሌጎ የሚባል ገጠር ተወልዳ ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማችን ኪሱሙ የተዳረች ናት። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት በትውልድ አገሯ ነው የምትጠራው፤ ስለዚህ ከጥበቃው እስከ ሐኪሙ ሁሉም «ኛር አሌጎ» ይላታል፣ የአሌጎ ልጅ። አጭር፣ ሰፋ ያለች፣ ስትራመድ ሁልጊዜ የዘገየች የምትመስል ሴት ናት። ዝምተኛ እንዳትመስላችሁ። ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ስለ ቄሱ ረጅም ስብከት፣ ስለ ባሏ እህቶች ስስት ከጀመረች የሚያስቆማት የለም። የሰፈራችን ቡድን ሲጫወት ሬዲዮኑን እንደ ሰው ትሰድበዋለች፤ አንድ ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስቱ ጫማዋን ወርውራ አንቴናውን ሰብራለች። ስለ በሽተኛ ግን አንዲት ቃል አታወጣም።

እኛ አገር ደግሞ «ማን ተኛ? ምን አገኘው?» ብሎ መጠየቅ ጨዋነት ነው። የሚታማው የማይጠይቀው ነው። ስለዚህ ሪስፓን ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ አኩርፏታል። አንድ ዓመት ለገና የባሏ ቤተሰብ እሷ ቤት ተሰብስቦ ሳለ የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት እኛ ጋ ተኝታ ነበር፤ ጽንሱ ወርዶባት። ልጅቷ «ለማንም እንዳይነገርብኝ» ብላለች። ሪስፓ ኡጋሊውን፣ ያን የበቆሎ ገንፎ፣ አገንፍታ፣ ዓሣውን ጠብሳ፣ «ያቺ ልጅ የት ቀረች?» ባሉ ቁጥር «እስቲ ድስቱን አቀብሉኝ» እያለች ዋለች። ነገሩ በኋላ ሲሰማ አማቶቿ «አንቺ የእባብ ሆድ!» አሏት። እሷም «እባብ ቢያንስ የሰው ስም ይዞ ሰፈር አይዞርም» ብላ መለሰች። ለረጅም ጊዜ ደጇን አልረገጡም።

ሥራ አስኪያጃችን ቤኔዲክት ኦዊቲ ይባላል። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ኮሪደሩን ይዞራል። የቢሮው ግድግዳ በምስክር ወረቀት ተለብጧል፤ ከመካከላቸው ትልቁ የሥነ ምግባር ነው። የበሽተኛው ታሪክ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የገባ ጊዜ ሁሉን ገጽ መክፈት የምትችለው ሪስፓ ብቻ ነበረች። ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ካርድ ክፍል መጣ። እኔ የበሽተኛ ካርድ ልወስድ ቆሜ ነበር።

«ኛር አሌጎ፣ እስቲ ያቺን ፓስወርድ ጻፊልኝ።»

«ለምን ፈለጉት አለቃ?»

«እሑድ ብትታመሚስ? ሰው ካርዱ ሳይከፈት ይሙት?»

«ከታመምኩ ይደውሉልኝ። በቃሬዛም ቢሆን ተሸክመው ያመጡኛል።»

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

አለቃ እንዲህ ካለ በኋላ ወሬ የለም። ሪስፓ ጻፈችና እንደ ወጉ በሁለት እጇ ሰጠችው። እሱ ሲወጣ «ዛሬ የቤቴን ቁልፍ ሰጠሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦዊቲ የሚከፍተው ገጽ ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ በሪስፓ ስም ተመዘገበ።

ቀጥሎ ሥልጠናው መጣ። የሥነ ምግባርና የመረጃ ጥበቃ ሥልጠና፣ ሐይቁ ዳር ሆቴል ውስጥ፣ ከነአበሉ። አሠልጣኙ ከናይሮቢ የመጣ የፍልስፍና ዶክተር ነው፤ ጫማው ሹል፣ ንግግሩ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ግልጽ ነበር። ሰዎች ትክክለኛውን ነገር የሚለዩባቸው መንገዶች አሉ አለን። አንዱ ውጤቱን ይመዝናል፤ ለብዙዎች ብዙ ጥቅም ያመጣው እሱ መልካም ነው ይላል። ሁለተኛው ግን ውጤቱ ማር ቢሆንም የማይደረግ ነገር አለ፤ ሰውን እንደ ዕቃ አትጠቀምበት ይላል። «ሦስተኛው ደግሞ» ብሎ ሲጀምር አሳላፊዎቹ የተጠበሰውን ዓሣ ይዘው ገቡ። ሦስተኛው መንገድ በሳህን ኳኳታ መሃል ቀረ። እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ፤ «ይህን ሳደርግ ምን ዓይነት ሰው እሆናለሁ ብላችሁ ጠይቁ» ነበር ያለው።

ኦዊቲ መጀመሪያውን ወደደው። አፉ ዓሣ እንደሞላ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ የአንድ ሰው መረጃ ቢወጣና በዚያ ሰበብ ሆስፒታሉ ለአሥር ሰው ኦክስጅን ቢገዛ? ሒሳቡ ግልጽ አይደለም?»

አሠልጣኙ መልስ ሲያሰላ ሪስፓ ከጀርባ «ሰውዬው ተጠይቋል ወይ?» አለች።

ሁሉም ሳቀ። «ኛር አሌጎ፣ ዓሣውንም ከመብላትሽ በፊት ጠይቂው!» አላት አንዱ። አሠልጣኙም ሳቀ፤ እሱ መሳቁ ነው ያናደደኝ።

አሁን ወደ ጃዱኦንግ ዛብሎን ኦሎ ልምጣ። ጃዱኦንግ የሚባለው የተከበረ ሽማግሌ ነው፤ እሳቸውም ነበሩ። ኡዮማ በሚባለው ሐይቅ ዳር አገር ጀልባ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ታሞ እኔ ዋርድ መስኮቱ ሥር ተኙ፤ ኦክስጅን ተሰካላቸው። እሑድ ከሰዓት በጣም ደከሙ። እኔም ሌላ ሲሊንደር ላስመጣ ስወርድ የካርድ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሪስፓ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል ናት። በወንበሯ ላይ ግን ኦዊቲ ተቀምጧል፤ ከፊት ለፊቱ ጃክቶን ለስላሳ እየጠጣ ነው።

«ሲስተር፣ የመስኮቱ ሥር ሰውዬ እንዴት ናቸው?» አለኝ ኦዊቲ።

«እየታገሉ ነው» አልኩት ሳላስብ።

«አያድሩም» አለ ወደ ጃክቶን ዞሮ፣ ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው።

እኔ ሲሊንደሬን ይዤ ሮጥኩ። ምን እየሸጠ እንደሆነ የገባኝ በማግሥቱ ነው።

ጃዱኦንግ አደሩ። ማደር ብቻ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ትኩሳታቸው ለቀቀና ገንፎ ጠየቁ። «ስኳሩ የት ሄደ? እናንተ ናችሁ የምትበሉት?» ብለው ተቆጡ። የሚቆጣ በሽተኛ የዳነ በሽተኛ ነውና ደስ አለኝ። ኡዮማ ግን በዚያው ሰዓት የሽማግሌው የመጀመሪያ ልጅ የኦጉቱ ስልክ ጮኸ።

«ኦጉቱ ነህ? የጃዱኦንግ ዛብሎን ልጅ?» አለ ጃክቶን። «እግዜር ያጽናህ ወንድሜ። ታላቅ ሰው አጣን። መቼም ሳንባ ክፉ ነው። አይዞህ፣ ባለ መስታወቱ ሣጥን አለኝ፤ መኪናውንም ድንኳኑንም እኔ እችላለሁ።»

ጃክቶን የቸኮለው ሌላ ሣጥን ሻጭ እንዳይቀድመው ነው። መጀመሪያ የደወለ ለቅሶውን ይይዛል። ኦጉቱም እንዴት አያምን? ሰውዬው የአባቱን ስም፣ በሽታውን፣ አልጋውን፣ ለሆስፒታሉ ብቻ የተሰጠውን ስልክ ቁጥር ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ልጁ ሞኝ አልነበረም፤ ለማረጋገጥ ወደ ሆስፒታሉ ደወለ። ስልክ ተቀባይዋ ልጅ የተማረችውን አለች፦ «ስለ በሽተኛ በስልክ አንናገርም። እዚሁ ኑ።»

ይህን ሕግ ያስወጣችው ሪስፓ ናት። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። «ኑ» ካሉህ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማልቀስ ነው። ኦጉቱ ስልኩን ጣለና ጮኸ። ሴቶቹ እሪ አሉ፣ ከበሮ ተመታ፣ ወጣቶቹ ሞትን ከግቢው ለማባረር ከብቶቹን እየነዱ ሜዳ ወጡ። ሽማግሌው በዚያን ሰዓት እኔ ዋርድ ውስጥ ስለ ስኳር ይከራከራሉ።

ከቀትር በፊት ዋይታ ሰማሁ። ፒክአፕ መኪና መስኮቴ ሥር ቆመ፤ ከላዩ ሣጥን፣ ከሣጥኑ ላይ የስም ሰሌዳ። ጃዱኦንግ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ማነው የሞተው ልጄ?»

መጋረጃውን ልስብ ስል እጄን ያዙኝና መነጽራቸውን አደረጉ። ቀስ ብለው አነበቡት። «ዛብሎን ኦሎ» አሉ። «ይኼ እኔ ነኝ።» ሣጥኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱት። «ማነው የሠራው? ሳንቃው እርጥብ ነው፤ መገጣጠሚያውን በሙጫ ነው የሸፈነው። ይኼ ጀልባ ቢሆን ከወደቡ ሳይወጣ ይሰጥማል።» ሳቁ። ከዚያ እንባቸው ገንፎው ውስጥ ወረደ። እኔ ስንት ሬሳ የገነዝኩ ሴት፣ እሳቸውን ማየት አቅቶኝ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

ኦጉቱ አባቱን ተቀምጠው ሲያይ ወደ ዘመዶቹ ዞሮ «ልቅሶውን አቁሙ!» ብሎ ጮኸ። ጃክቶንስ? ጃክቶን መፍቻ አውጥቶ የስም ሰሌዳውን መፍታት ጀመረ። «ችግር የለም፣ ችግር የለም፣ ስም እንቀይራለን፤ ሣጥኑ አዲስ ነው» ይላል። ወጣቶቹ ሊቀጠቅጡት ሲሉ ነው የሮጠው። እንዲህ ያለ ሰው እናት ወልዳው፣ ጡት አጥብታው፣ ስም አውጥታለት ነው እኮ!

በእኛ ልማድ የተለቀሰበት ሣጥን ባዶውን አይመለስም፤ ስለዚህ ወስደው የሙዝ ግንድ አስገብተው ቀበሩት። ሽማግሌው ግን ሆስፒታል ቀሩ። ታላቅ ወንድማቸው ያዕቆብ ዋርድ ድረስ መጡ፤ ከደጃፉ አላለፉም፣ ወንድማቸውንም አልጨበጡም።

«ተለቅሶልሃል» አሉ። «በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዝም ብሎ በበሩ አይገባም። ስምህን ለሞት አሳልፎ የሰጠው አፍ ደጃችን ቆሞ፣ በሰው ፊት፣ ቃሉን ይመልስ። ያኔ ትገባለህ።»

ጃክቶን ኡዮማ ተጠርቶ ሄደ፤ ያለምንም እፍረት «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የነገሩኝን ነው የተናገርኩት። ስሙን ያወጣው ከሆስፒታሉ ውስጥ ነው» አለ። ከውስጥ ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ ደንበኛውን ማጣት አልፈለገም። ሽማግሌዎቹም «እንግዲያው ከውስጥ ያለው ይምጣ» አሉ።

ጃዱኦንግ ድነው አልጋ ላይ ተቀመጡ። ወዴት ይሂዱ? ቤታቸው አይገቡም፤ አማች ቤት ማደር ለአባት ነውር ነው። ከሌላ ዋርድ እየመጡ «የቱ ነው የሞተው ሰውዬ?» እያሉ ያዩዋቸዋል፤ ስልክ አውጥተው ፎቶ የሚያነሱም ነበሩ፣ እግዜር ይይላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ገንፎው መመለስ ጀመረ። ሳንባው ንጹሕ ሆኖ መብላት ያቆመን ሰው እኔ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻውንም አውቃለሁ። ያ አፍ ካልተገኘ ሰውዬው በእውነት ሊሞቱ ነው።

ኦዊቲ ስብሰባ ጠራ። ኮምፒውተሩ ታየ፤ እሑድ የሽማግሌውን ገጽ የከፈተው ሪስፓ አኩሙ ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። እኔ ተነስቼ ያየሁትን ተናገርኩ።

«ሲስተር» አለኝ ኦዊቲ በለስላሳ ድምፅ፣ «እኔና አንድ እንግዳ ለስላሳ ስንጠጣ አየሽን። ለስላሳ ተከልክሏል?» አንዳንዶቹ ሳቁ። ሌሎቹ ጫማቸውን አዩ። እነዚያ ጫማቸውን ያዩት ናቸው የበለጠ ያስጠሉኝ። «ደግሞስ» አለ፣ «ልጁ ደውሎ አልነበረም? 'አባትህ ገንፎ እየበሉ ነው' ብንለው ያልቅ ነበር። 'ኑ ብቻ በሉ' የሚለውን ሕግ ማን አወጣው?»

ሪስፓ ቆመች። «እሱስ የእኔ ነው» አለች። «'ኑ' ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ እያወቅኩ አላሰብኩትም። ከዛሬ ጀምሮ 'አልጋቸው ላይ ናቸው' ይጨመርበት። ለዚያ ጥፋቴ ኡዮማ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ገጹን ግን አልከፈትኩም።»

ከስብሰባው በኋላ ኦዊቲ ሪስፓንና እኔን ቢሮው ጠራን። እኔን የጠራኝ ሽማግሌውን በመኪና እንድሸኝ ነው።

«ኛር አሌጎ፣ ተቀመጪ። እኔ ላጠፋሽ አልፈልግም። ኡዮማ ትሄጂያለሽ፤ 'እኔ ነኝ' ትያለሽ። አንዲት ቃል ናት። ሽማግሌው ቤታቸው ይገባሉ፤ ሆስፒታሉ ከክስ ይድናል፤ ይህ ሁሉ ሠራተኛ እንጀራው አይቆረጥም። አንቺም በሥራሽ ትቀጥያለሽ። የናይሮቢው ዶክተር ውጤቱን መዝኑ አላለም? እስቲ መዝኚው!»

«ሁለተኛም ነገር ብሎ ነበር።»

«ግዴታ? ግዴታሽ ለሆስፒታሉ ነው።»

«ሦስተኛም ነበረው» አልኩ እኔ።

«ያኔ ምሳ ቀርቦ ነበር» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። በመሐረብ አፉን ጠረገ። ከጭንቅላቱ በላይ ያ የሥነ ምግባር ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ሌባ አይቻለሁ፤ ስለ ስርቆቱ ምርቃት የሚጠብቅ ሌባ ግን ያኔ ገና አየሁ።

ሪስፓ ወደ እኔ ዞረች። «ጃዱኦንግ ዛሬም አልበሉም?» አለችኝ። አልበሉም አልኳት። «እሄዳለሁ» አለች። ኦዊቲ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

ኮሪደር ላይ ያዝኳት። «አበድሽ? የሱን ቆሻሻ ልትሸከሚ?»

«እሄዳለሁ አልኩ እንጂ ምን እንደምል አልተናገርኩም» አለችኝ። «ጃኤል፣ አንድ ነገር ግን ጨንቆኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስም ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ዛሬ ብጀምር ነገ የሚያቆመኝ ምንድን ነው?» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እሷ የፈራችው እውነት ነበር።

ኦዊቲ ራሱ አብሮን መጣ። ስኳር፣ ዱቄትና አንዲት ፍየል ጫነ፤ ፎቶ አንሺም አስከተለ፤ የዕርቁን ፎቶ ለሆስፒታሉ የቀን መቁጠሪያ ፈልጎታል። መንገዱን ሙሉ ስለ መልካም አስተዳደር ሲያወራ ፍየሏ ከኋላ ትጮሃለች። ከሁለቱ ፍየሏን መስማት ይሻል ነበር።

የጃዱኦንግ ግቢ በቁልቋል ታጥሯል። ከበሩ ውጭ ወንበር አወጡላቸውና ተቀመጡ፤ ከስተው ኮታቸው ተንጠልጥሏል። ከበሩ ውስጥ ቤተሰቡና አገሩ ቆሟል። ሚስታቸው ነጠላ ጨርቅ አፏ ላይ ይዛ ታያቸዋለች፤ መቅረብ አትችልም።

ያዕቆብ ብትራቸውን ተደግፈው ወጡ። «የወንድሜን ስም ለሣጥን ሻጭ የሰጠው አፍ ያንቺ ነው ወይ?»

ኦዊቲ ለፎቶ አንሺው ምልክት ሰጠው።

«አይደለም አባቴ» አለች ሪስፓ።

ሰዉ አጉረመረመ። ኦዊቲ «ደንግጣ ነው፣ ደንግጣ ነው» እያለ ቀረበ። እሷ ወደ እሱ አላየችም፤ ዞራ ጃዱኦንግ ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች።

«ጃዱኦንግ፣ ቁልፉ የእኔ ነበር፤ አለቃዬ ጠየቀኝ፣ ፈርቼ ሰጠሁት። 'ኑ' የሚለውም ሕግ የእኔ ነው። ስለ ሁለቱ ይማሩኝ። እኔ የሰው ምስጢር አላወጣም፤ ምስጢሩ የባለቤቱ ነዋ! መንገዱን ሁሉ ይህ ምስጢር የማን ነው እያልኩ ስጠይቅ መጣሁ። የሆስፒታሉ ነው? አይደለም። የሰረቀው ሰውዬ ነው? አይደለም። ስምዎን የሸጠው ማን እንደሆነ ማወቅ የእርስዎ ንብረት ነው። ስለዚህ ልስጥዎት። ቤኔዲክት ኦዊቲ ነው። እዚህ ቆሟል።»

እኔም «አይቻለሁ፤ ጃክቶንን ከፊቱ አስቀምጦ 'አያድሩም' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ።

ኦዊቲ መሐረቡን አወጣ። «ይህ ጉዳይ በማጣራት ሂደት ላይ ያለ እንደመሆኑ መጠን፣ ሆስፒታሉ ለተፈጠረው የመረጃ ክፍተት...»

«ልጄ» አሉ ጃዱኦንግ፤ ከስንት ቀን በኋላ መጀመሪያ ያወጡት ድምፅ ነው፤ «በአፍህ ነው በአፍንጫህ የምትናገረው?»

ሳቁ እንደ ዝናብ ወረደ። ኦዊቲ ወደ መኪናው ሲያፈገፍግ ወጣቶቹ ቀድመው መኪናው አፍንጫ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አልነካውም፤ ዝም ብለው አዩት። ያዕቆብ ብትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ወንድሜ ፀሐይ ላይ ነው። ፍጠን።»

እና ተናገረው። ላቡ ኮሌታው ላይ እየወረደ፣ ቃል በቃል እያስደገሙት። «ስምዎን ለሞት የሰጠው የእኔ አፍ ነው። ቃሌን መልሻለሁ። ጃዱኦንግ ዛብሎን ኦሎ በሕይወት አሉ።» ጃዱኦንግ ተነሱ፤ ማንም ሳይደግፋቸው በበሩ ገቡ። ሚስታቸው እሪ አለች፤ ይኼኛው እሪታ ግን የሠርግ እልልታ ነበር። ከዚያ ምሳ ጠየቁ።

አለቀ ብላችሁ ከሆነ ሆስፒታል አታውቁም። በሳምንቱ ሪስፓ ከሥራ ተሰናበተች። ምክንያቱን የሆስፒታሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀምጦ በአፉ ነገራት፦ «የሥራ ባልደረባን ጉዳይ ለውጭ ሰዎች አሳልፎ በመስጠት፣ የመረጃ ጥበቃ ደንብን በመተላለፍ።» በሕይወቷ አንድ ጊዜ የሰው ስም ብትጠራ በሱ ነው ያባረሯት። ኦዊቲ ደግሞ እዚህ «ስላልተመቸው» ከፍ ወዳለ ቢሮ ተዛወረ። አሁን እየዞረ ሥልጠና ይሰጣል አሉ። ርዕሱን ልንገራችሁ? ተዉት፤ ምራቄን መትፋቴ ነው።

ሪስፓ ትውልድ አገሯ አሌጎ ተመልሳ በቆሎ ታርሳለች፤ የተማሪ ዩኒፎርምም ትሰፋለች። በወንበሯ የተቀመጠችው ወጣት የምትጠየቀውን ሁሉ ትመልሳለች፤ ሁሉም «እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት!» ይላታል።

እኔ ባለፈው ዓመት ጡቴ ውስጥ እብጠት ዳሰስኩ። ሆስፒታሉ ከቤቴ በእግር ይደረሳል፤ ወጣቶቹን ሐኪሞች መርፌ አያያዝ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ካርዴን ግን እዚያ ማስከፈት አልደፈርኩም። ማታቱ በምንለው ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ማንም የማያውቀኝ ኤልዶሬት ከተማ ድረስ ሄጄ፣ እንደማንኛዋም ባልቴት ተሰልፌ ታየሁ። ውጤቱን የነገርኩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። በየሳምንቱ ከአሌጎ ትደውልልኛለች፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዶሮዎቿ ታወራኛለች፤ እኔ ካላነሳሁት እሷ አንስታው አታውቅም። እናንተም አትጠይቁኝ።